በግማሽ የተወቀጠ ቡና

ይህን ተረት ልበለው ወይስ ምስክርነት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። በቦታው አልነበርኩም። ሽማግሌ የተላከው ለእኔ ስለሆነ፣ እኔ እንደ ደንቡ ራቅ ብዬ አስፋልቱ ዳር ካለ ጁስ ቤት ተቀምጬ ነበር። የሰማሁት ከሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ከልጅቷ እናትና ከራሷ ከልጅቷ ነው፤ አምስቱም አይስማሙም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልሳሳት እችላለሁ። በተለይ ዕቃዎቹ የተናገሩት ቃል በቃል እንዲህ ስለመሆኑ አልምልም።

ቢሾፍቱ ውስጥ አቶ እንግዳወርቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። የልጅቷ፣ የብሩክታዊት፣ አባት ናቸው። ጧት ጧት አንድ ስኒ ቡና ይፈልጋሉ፤ አንድ ብቻ፣ ከሞካ የወጣ። ሞካ በወገቧ የምትጠመዘዝ የአሉሚኒየም ጀበና ናት፤ ውኃው ከታች፣ ቡናው ከመካከል ይሆንና፣ እሳት ላይ ስትጣድ ውኃው ቡናውን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። በሌላ ዕቃ የፈላ ቡና ለአቶ እንግዳወርቅ ቡና አይደለም፤ የድስት እጣቢ ነው።

በዚያ እሑድ ጧት ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በመጀመሪያው "እናስብበት" ተብለው ነበር። በሁለተኛው "ልጅቷ ትጠየቅ" ተብለው ነበር። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ወንድይራድ አራተኛ ጊዜ እንደማይኖር አስቀድመው ነግረውኛል። "እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ቆጣሪ አንባቢ አይደለሁም፤ በየወሩ አልመላለስም" ነው ያሉኝ። እንግዲህ በዚያ ቀን ቃል ካልተሰጠ ብሩክታዊትን አላገኛትም።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው ተደርድረው ቆሙ።

"ኧረ ቁጭ በሉ" አሉ እትዬ ፋናዬ፣ የልጅቷ እናት።

"የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

"እኔ ደግሞ ቡናዬን ሳልጠጣ ቃል አልናገርም" አሉ አቶ እንግዳወርቅ፣ ሶፋቸው ላይ እንደ ተደላደሉ። "ምላሱ ባልተፈታ ሰው ልጅ አይዳርም።"

እትዬ ፋናዬ ወደ ማዕድ ቤት ሮጡ። መብራት ጠፍቷል፤ የኤሌክትሪክ መፍጫው አይሠራም። ስለዚህ ሙቀጫ አውጥተው በሙያቸው ልክ ወቀጡ። ደበደቡት፣ ነፉት፣ እንደገና ደበደቡት። ሽማግሌዎቹ ከግድግዳው ወዲያ ቆመው "ሙያ ማለት ይህ ነው" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ፋናዬ ያንን ዱቄት ሞካዋ ውስጥ ጠቀጠቁና የጋዝ ምድጃው ላይ ጣዷት።

"በይ አፍዪ።"

"አላፈላም!" አለች ሞካ። "ያጎረስሽኝን እስኪ እዪው! ይሄ ቡና ነው ወይስ የፊት ፓውደር? እኔን የሸክላ ጀበና አደረግሽኝ? ጉሮሮዬን በዱቄት የደፈነብኝን ሰው በጎኔ ነው የማናግረው።" እውነትም ጎኗ ላይ ካለችው ቀዳዳ ትስስስ ብላ እንፋሎቷን ተፋች። "ሻከር ያለ ቡና አምጪ፤ እንደ አሸዋ ያለ።"

ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም።

እትዬ ፋናዬ እሳቱን አጥፍተው ወደ ተቆላው ፍሬ ዞሩ። "አንተ ፍሬ፣ እንደ አሸዋ ሁንና ግባላት።"

"አልሆንም!" አለ ፍሬው ከጣሳው ውስጥ። "ራሱን የሚፈጭ ፍሬ የት አገር አይተሻል? አንቺ ራስሽን ቀቅለሽ ታውቂያለሽ? መፍጫውን ጥሪልኝ።"

ፍሬው አይፈጭም፣ ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም።

ወደ መፍጫው ዞሩ። "መፍጫዬ፣ ባክህ ዙር።"

"አልዞርም!" አለ መፍጫው። "መብራት እንደጠፋ እያወቅሽ ትለምኚኛለሽ? እኔ እንደ ሽማግሌዎችሽ በምላስ የምሠራ መሰለሽ? ሂጂና መብራቱን አምጪ።"

መፍጫው አይዞርም፣ ፍሬው አይፈጭም፣ ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም።

በረንዳው ላይ ያለውን ብሬከር መለሱት፤ ወደቀ። መለሱት፤ ወደቀ።

"መብራት፣ ና እንጂ!"

"አልመጣም!" አለ መብራት። "ያ በያጅ ጓሮ ተቀምጦ እኔን በአንድ ጉርሻ እየዋጠኝ፣ እናንተ ለአንድ ስኒ ትጠሩኛላችሁ? በአንድ ቀጭን ሽቦ ሁለት ቤት ማኖር ያሳፈራችሁ አይመስልም። መጀመሪያ እሱን አስቁሚ።"

መብራቱ አይመጣም፣ መፍጫው አይዞርም፣ ፍሬው አይፈጭም፣ ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም።

በያጁ ሀብቴ ነው፤ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየ። ትልቅ የብረት በር መሬት ላይ አጋድሞ፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

"ሀብትዬ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ አጥፋው" አሉት።

"አላጠፋም እትዬ" አለ ሀብቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ። "ወድጄ ነው እዚህ የምበይደው? ሱቄ የራሱ መስመር አለው። በሩን ተሸክሜ እንዳልወጣ የሽማግሌዎቻችሁ መኪና የግቢውን አፍ ጥርቅም አድርጎታል። ዛሬ የሚሆነው ልጅ መዳር ነው ወይስ ግቢ ማገት? የበሩ ባለቤት ደግሞ ዛሬ ካላስረከብክ ብሎኛል። መኪናውን አስነሱልኝ፣ እወጣላችኋለሁ።"

ሀብቴ አያጠፋም፣ መብራቱ አይመጣም፣ መፍጫው አይዞርም፣ ፍሬው አይፈጭም፣ ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም።

እትዬ ፋናዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ግቢው በር ሄዱ። አሮጌ ኮሮላ እንደ ኩይሳ ተጎልቷል።

"አንተ መኪና፣ ፈቀቅ በል።"

"አልልም!" አለ መኪናው። "ቁልፌ ጋሽ ወንድይራድ ኪስ ውስጥ ነው። ከፈለግሽ ግፊኝ። ግን ባለቤቴን መስያለሁ፤ ሲገፉኝ የምሄደው ወደ ኋላ ነው።"

መኪናው አይነቃነቅም፣ ሀብቴ አያጠፋም፣ መብራቱ አይመጣም፣ መፍጫው አይዞርም፣ ፍሬው አይፈጭም፣ ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም።

ተመልሰው ሳሎን ገቡ። ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል። አንደኛው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

"ጋሽ ወንድይራድ፣ እባክዎ መኪናዎን ትንሽ ያስጠጉልን።"

"አልንቀሳቀስም እመቤቴ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። "ሽማግሌ ቃል ሳይሰማ ደጅ ከወጣ፣ ወጣ ነው የሚባለው። ነገ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ 'ወንድይራድ መኪና ሊያስነሳ ሽምግልናውን ጥሎ ወጣ' ሲሉኝ ልስማ? ባለቤትዎ ይናገሩ፣ እወጣለሁ።"

"ቡናዬ ይምጣ፣ እናገራለሁ" አሉ አቶ እንግዳወርቅ ከሶፋቸው።

ጋሽ ወንድይራድ አይንቀሳቀሱም፣ መኪናው አይነቃነቅም፣ ሀብቴ አያጠፋም፣ መብራቱ አይመጣም፣ መፍጫው አይዞርም፣ ፍሬው አይፈጭም፣ ሞካ አታፈላም፣ አባት ቃል አይሰጡም። አባት ቃል ስለማይሰጡ ደግሞ ጋሽ ወንድይራድ አይንቀሳቀሱም።

ሰንሰለቱ እዚህ ላይ ጅራቱን ነከሰ። እኔ በኋላ እያንዳንዳቸውን ለብቻ መርምሬያለሁ። ሀብቴ ልክ ነው። ጋሽ ወንድይራድ በደንቡ ልክ ናቸው። መኪናውም ያለ ቁልፍ አልሄድም ማለቱ አያስወቅሰውም። ሁሉም ለየብቻ ልክ ናቸው፤ ጅልነቱ የሚመጣው ሲደመሩ ነው። የሚያሳዝነው እዚያ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ሽበት ይዞ መደመር የሚችል ሰው አለመገኘቱ ነው።

ብሩክታዊት እስከዚያ ድረስ መኝታ ቤት ተዘግቶባት ነበር። ሁሉንም በግድግዳው ስትሰማ ቆይታ ወጣችና ማዕድ ቤት ገባች።

"እማዬ፣ ሙቀጫውን ስጪኝ።"

"ምን ልትሆኚ? ወቅጬ ዱቄት ሆነ አለች እኮ!"

"እኔ በግማሽ አቆመዋለሁ።"

እትዬ ፋናዬ እጇን ለቀም አደረጉት። "አብደሻል? ሽማግሌ ከግድግዳው ወዲያ ጆሮውን አቁሞ? ሙቀጫ ትንሽ ተመትቶ ዝም ሲል ምን እንደሚባል አታውቂም? 'ልጅቷ ሰነፍ ናት፣ ክንዷ ቡና አያደቅም' ነው የሚባለው! እኔን ለአባትሽ ያጩኝ ሰዎች መጀመሪያ የሰሙት ዘነዘናዬን ነው።"

"እስኪደቅ ወቀጥሽላቸው?"

"ዱቄት እስኪሆን!"

"ታዲያ ማንን አገኘሽ?"

"አባትሽን ነዋ።"

"በይ እንግዲህ፣ ዘነዘናውን አቀብዪኝ።"

እትዬ ፋናዬ አቀበሉ።

ድም፣ ድም፣ ድም አለ ሙቀጫው። ጥቂት ተመታና ቆመ።

ሳሎን ያሉት ሽማግሌዎች ተያዩ። ጋሽ ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አለቀ እንዴ?"

"አለቀ!" አለች ብሩክታዊት ከማዕድ ቤት።

"ገና ጆሮዬን ሳላቀና?"

"ጋሼ፣ የመጡት ቃል ሊሰሙ ነው ወይስ ሙቀጫ?"

"ኧረ ጉድ!" አሉ ጉልበታቸውን የሚያሹት ሽማግሌ። "ስንፍና አንሶ ምላስ! ለልጁ ብንነግረው ይሻላል። ባለሙያ ናት ተብለን ነው የመጣን።"

ጋሽ ወንድይራድ አሰቡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ቁልፋቸውን አወጡ። "እሱስ እውነት ነው። እንሂድ መሰለኝ።"

ያን ጊዜ ወጥተው ቢሆን መኪናው ይነሳ፣ በሩ ይወጣ፣ መብራቱም ይመጣ ነበር። ለሁሉም ይሆን ነበር፤ ለእኔ ብቻ አይሆንም ነበር። እኔ ደግሞ ጁስ ቤት ተቀምጬ አቮካዶ እያማሰልኩ ነበር።

"ማንን ነው ሰነፍ ያሏት?" አሉ አቶ እንግዳወርቅ። ከሶፋቸው ግን አልተነሱም።

ብሩክታዊት አልሰማቻቸውም፤ ወይም ሰምታ ንቃቸዋለች። ሞካዋን አጠበች። ውኃውን ከጎኗ ካለችው ቀዳዳ በታች እስኪሆን ሞላች። ሻካራውን ቡና ጨመረችና ሳትጠቀጥቀው በጣቷ ብቻ አስተካከለችው። ጥብቅ አድርጋ ጠመዘዘቻት፣ ክዳኗን ከፍታ በትንሽ እሳት ጣደቻት።

"አሁን እንዴት ነው?" አለቻት።

"አሁን ሰው ነካኝ" አለች ሞካ። እንደ ማር ቀስ እያለች አፈላች። መንተክተክ ስትጀምር ብሩክታዊት ወዲያው አወረደቻት።

ሽማግሌዎቹ በሩ ጋ ደርሰው ነበር። ብሩክታዊት በመካከላቸው አልፋ ስኒውን ለአባቷ ሰጠች። አቶ እንግዳወርቅ ቀመሱ። ጨርሰው ጠጡ።

"ይህንን ማን አፈላው?"

"እኔ።"

"በግማሽ ወቅጠሽ?"

"በግማሽ ወቅጬ።"

አቶ እንግዳወርቅ ከሶፋቸው ተነሱ። "ወንድይራድ፣ ወዴት ነው? እዚህ ቤት ሰነፍ ካለ ቡናውን ዱቄት አድርጎ ሞካ የሚደፍን ነው፤ እሷንም እኔ ካገባኋት ቆይቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ። እሑድ እሑድ ግን ትመለሳለች።"

"ምን አልክ አንተ?" አሉ እትዬ ፋናዬ፤ ግን እልል ማለት ነበረባቸውና እልል አሉ።

አባት ቃል ሰጡ፣ ጋሽ ወንድይራድ ተንቀሳቀሱ፣ መኪናው ፈቀቅ አለ፣ ሀብቴ ብየዳውን አጠፋ፣ በሩ ወጣ፣ መብራቱ መጣ፣ መፍጫውም ማንም ሳይጠራው ባዶ ሆዱን ግርርር ብሎ ዞረ።

"መጣሁ! ፍሬው የታለ?" አለ መፍጫው።

"ተጠጣ" አለች ሞካ።

ጋሽ ወንድይራድ ጁስ ቤቱ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። "ተሰጥታሃለች። ብቻ ሙቀጫ ላይ ሰነፍ ናት፤ እንዳልነገርኩህ እንዳትል" አሉኝ። በየለቅሶውና በየሠርጉም ይህንኑ ሲያወሩ እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

ከነገርኳችሁ ውስጥ የቱ በትክክል እንዲህ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ አሁንም አላውቅም። አንዱን ግን በኋላ በዓይኔ አረጋግጫለሁ። ለፋሲካ እንኳን አደረሰዎ ልል ጋሽ ወንድይራድ ቤት ሄጄ፣ በሩ ጋ ስደርስ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ጥቂት ተመታና ቆመ። ገብቼ አየሁ፤ ምድጃው ላይ አዲስ ሞካ ተጥዳለች፣ ዘነዘናውን የያዙትም ራሳቸው ጋሽ ወንድይራድ ነበሩ።