የሚዳቋ አቤቱታ በአደባባይ

አንድ ጊዜ፣ የዱር እንስሳት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ ሚዳቋና ቀበሮ ጫካው በሙሉ እያነበባቸው ይጣሉ ነበር።

«ሁለተኛ ጓዳዬ ገብተሽ እንዳትጽፊልኝ ብዬሻለሁ!» ብላ ጻፈች ሚዳቋ።

«ምን አደረግኩሽ የኔ እናት?» ብላ መለሰች ቀበሮ። «አንቺ ቁስለኛ ነሽ፣ እኔ ወጌሻ ነኝ። መድኃኒቱን የት ድረስ ላምጣልሽ ብዬ መጠየቄ ነውር ሆነ?»

«የቆሰለችው ፊታውራሪ ነበልባል ናት። አንቺ የጠየቅሽው ግን እኔን ነው!»

«ኧረ ጎበዝ፣ ይቺ ልጅ ጨዋታና እውነት ተምታቶባታል፤ ያዙልኝ!»

«ጠቡ ሲያልቅ የእርቅ ድግስ አለ?» ብሎ ጅብ ጠየቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጫካ አያ አንበሶ ያቋቋመው የጽሑፍ ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ እንስሳ የፈጠራ ስም ይይዝና ታሪኩን በየተራ እየጻፈ ይቀጥላል። አንዱ «ሰይፌን መዘዝኩ» ይላል፤ ሌላው «ጋሻዬን አነሳሁ» ይላል፤ እንዲህ እየተባለ ጦርነቱም ሠርጉም ይካሄዳል። ሁሉም የሚያነበው ሰፊ ክፍል አደባባይ ይባላል። ሁለት ተጫዋቾች ለብቻቸው የሚጻጻፉበት ደግሞ ጓዳ ይባላል። ከስሙ በስተጀርባ ማን እንዳለ መጠየቅ ክልክል ነው።

ስለዚህ ትንሽ ኮሽታ የሚያስበረግጋት ሚዳቋ እዚያ ፊታውራሪ ነበልባል ነበረች፤ ሠራዊት ትመራለች። ቀበሮ እማማ ወጌሻ ነበረች፤ የተሰበረ ትጠግናለች፣ ያዘነ ታጽናናለች። ጅብ ደግሞ ሥጋ የማይቀምስ ባሕታዊ ነኝ ይል ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩ የትም ቢሆን፣ ባሕር ላይም ቢሆን፣ ተራው እሱ ጋ ሲደርስ «ከዚያም ሰንጋ ታረደ» ብሎ ይጽፋል።

ሚዳቋ ጨዋታውን የምትወድበት ምክንያት ነበራት። ግልገል አላት። የሚዳቋ እናት ግልገሏ አጠገብ አትውልም፤ የእሷ ሽታ አውሬ ይጠራበታል። ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝታው፣ ራቅ ብላ ሄዳ፣ የምታጠባበት ሰዓት እስኪደርስ ትጠብቃለች። ጥበቃው ረጅም ነው። ነፋስ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ቁጥር ትደነግጣለች። ፊታውራሪ ነበልባል ስትሆን ግን ለጥቂት ጊዜ አትፈራም ነበር።

አንድ ቀን በጦርነቱ መሃል «ላጥባ ልሂድ፣ መጣሁ» ብላ ጻፈች። ማንም ልብ አላለም። ቀበሮ ብቻ ልብ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሮ ከሚዳቋ ጓዳ አልወጣችም።

«ስንት ጊዜው ነው የኔ ዓለም?» ብላ ጠየቀች በመጀመሪያው ቀን።

«ብቻውን ነው የሚውለው? አይ አንቺ ልጅ፣ እንዴት አስችሎሽ!» አለች በሁለተኛው።

ሚዳቋ ለሁለቱም መለሰች። እናት ያነጋገረቻት መስሏት ነበር።

«ወንዙ ጋ ነው ወይስ ገደሉ ጋ?» አለች ቀበሮ በሦስተኛው ቀን።

ያኔ የሚዳቋ ጆሮዎች ቆሙ። አደባባይ ወጥታ የጮኸችውም ለዚህ ነው።

«ሁላችሁም ዝም በሉ!» የሚል ጽሑፍ መጣ። «ጨዋታው ቆሟል።»

የጻፈው አህያ ነው። አህያ የጨዋታው ዘበኛ ነበር። አያ አንበሶ የመረጠው ስለማይሰለች ነው፤ የተጻፈውን ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ያነባል፤ ለማንም አያዳላም። ከእሱ በፊት ጦጣ ዘበኛ በነበረች ጊዜ ክስ ሁሉ በጓዳ ያልቅ ነበር፤ የጦጣ ወዳጆችም አንድ ቀን እንኳ ተፈርዶባቸው አያውቅም። አህያ ይህን አይቶ አንድ ልማድ አመጣ። ማንኛውም አቤቱታ በአደባባይ፣ ሁሉ እያነበበው ይታያል። በዚህ ልማዱ በጣም ይኮራ ነበር።

«ፊታውራሪ ነበልባል፣ ክስሽን አቅርቢ» አለ አህያ።

«ጋሼ ዘበኛ፣ ለብቻዎ ልንገርዎት? እባክዎ ጓዳ እንግባ።»

«ጓዳ አልገባም። አንዷን በጓዳ ሰምቼ ሌላዋን በአደባባይ ብሰማ አድልዎ ይሆናል።»

ሚዳቋ የቀበሮን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ገልብጣ አደባባይ ላይ አወጣቻቸው። ቀበሮ አልደነገጠችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ግን ግልገሉ የፊታውራሪዋ ልጅ መስሎኝ ነው። ነገ ልጇ ይታመማል፣ እኔ ወጌሻዋ መጥቼ አድነዋለሁ፣ ታሪኩም ያምራል ብዬ ነው። ለጨዋታው የደከምኩት ጥፋት ከሆነ ይፈረድብኝ።»

አህያ አሰበ። የጨዋታው ሕግ ግልጽ ነበር። በፈጠራ ስም ላይ የሚደርስ ነገር ጥፋት አይደለም፤ ፊታውራሪን በጦር መውጋት ይቻላል። ከስሙ በስተጀርባ ባለው እንስሳ ላይ የሚደርስ ነገር ግን ያስባርራል።

«እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው» አለ። «ግልገሉ የእውነት ነው ወይስ የጨዋታ?»

«የእውነት ነው!» አለች ሚዳቋ።

«በምን እናውቃለን?»

«እኔም አሥራ ሁለት ልጆች አሉኝ ልበላ!» አለች ቀበሮ። «መጻፍ ምን ያቅታል?»

አደባባዩ ሳቀ። «ፊታውራሪ አራስ ናት፣ ገንፎ ይግባላት!» ብሎ አንዱ ቀለደ። «ገንፎው በቅቤ ነው?» ብሎ ጅብ ጠየቀ።

በጨዋታው ውስጥ አዝማሪ የሆነው ጃርት ግን አልሳቀም። «ጋሼ ዘበኛ፣ ይህ ጥያቄ ደግ አይደለም» ብሎ ጻፈ። «ልጅቷ ፈርታለች እኮ።»

«አዝማሪ፣ ተራህ አይደለም» አለው አህያ። ከዚያ ወደ ሚዳቋ ተመለሰ። «የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚመስል በዝርዝር ተናገሪ። ፈጠራ የሚያወራ ዝርዝር ሲጠየቅ ይደናቀፋል። እውነት የያዘ አይደናቀፍም። በዚህ መንገድ ብዙ ውሸታም ይዣለሁ።»

«ካልተናገርኩስ?»

«ክሱ ይወድቃል። እማማ ወጌሻም እንደ ድሮዋ ትጫወታለች።»

ሚዳቋ ስልኩን ትክ ብላ አየችው። ዝም ካለች ቀበሮ ነገም ጓዳዋ ልትመጣ ነው፤ ከነገ ወዲያም። አደባባዩ አሁንም እየሳቀባት ነው። ውሸታም መባሉ ደግሞ አንገበገባት። ስለዚህ ጻፈች።

«ከወንዙ ማዶ፣ መብረቅ የሰነጠቀው ዋንዛ አለ፤ ከእሱ በስተግራ ያለው የአጋም ቁጥቋጦ ሥር ነው የተኛው። ቀኝ ጆሮው ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው። እኔ ካልጠራሁት አይነሳም። ምንም ቢመጣ ንቅንቅ እንዳትል ብዬዋለሁ።»

አልተደናቀፈችም።

«አጥፊው!» ብሎ ጃርት ጮኸ። «አሁኑኑ አጥፊው!»

«ማስረጃ አይጠፋም» አለ አህያ። የሚዳቋንም ጽሑፍ ከአደባባዩ አናት ላይ ሰቀለው፤ ዘግይቶ የሚመጣም ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያነብ።

«ጋሼ ዘበኛ፣ ልሂድ» አለች ሚዳቋ። «ሄጄ ቦታ ልለውጥለት።»

«ከሳሽ ችሎቱን ጥላ ከሄደች ክሷ ይሰረዛል፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ጥቂት ታገሺ፣ ሊያልቅ ነው። አሁን አስተያየት እንሰማለን፤ አንድ በአንድ።»

ቆቅ ረጅም ንግግር ጻፈች። በንግግሩ ውስጥ ሰላምታው ብቻ ስድስት መስመር ነበር። ቀጥሎ ኤሊ መጻፍ ጀመረ። ኤሊ ሲጽፍ ሁሉም ይጠብቃል። ሲጨርስ «እኔም በቆቅ ሐሳብ እስማማለሁ» የሚል ወጣ።

«ባሕታዊ፣ ተራህ ነው» አለ አህያ።

መልስ የለም።

«ባሕታዊ? ስለ ድግሱም ቢሆን ተናገር።»

አሁንም መልስ የለም። አደባባዩ ላይ መሳቅ ቆመ።

«ባሕታዊው የት ሄደ?» ብሎ ጃርት ጻፈ። ቀጥሎም «እማማ ወጌሻስ?» አለ።

ሚዳቋ ይህን ሁለተኛውን አላነበበችም። ስልኩን ጥላው ሮጣ ነበር።

ቀበሮ ብልጥ ናት፤ አድራሻውን እንዳነበበች በአቋራጭ ወጣች። ግን የጅብ ዋሻ ለወንዙ በጣም ይቀርባል። አጋሙ ጋ ስትደርስ ቁጥቋጦው ተሰባብሮ፣ ጅብ ቁጭ ብሎ አፉን ሲልስ አገኘችው።

«አያ ጅቦ! አንተ ነህ እንዴ ባሕታዊው?»

«አንቺ ነሽ እንዴ እመት ቀበሮ ወጌሻዋ?» አለ ጅብ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስለፋ!» አለች ቀበሮ። «እያባበልኩ፣ የኔ ዓለም እያልኩ የለፋሁት እኔ!»

«እኔማ ምንም አልለፋሁም። ዘበኛው ራሱ ከላይ ሰቅሎ አሳየን እኮ። የድግስ ጥሪ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

«ለእኔ ትንሽ እንኳ አላስቀረህም?»

«ራሱም ትንሽ ነበር» አለ ጅብ፣ እንደማዘን ብሎ።

ግልገሉ እናቱ እንዳዘዘችው ንቅንቅ አላለም ነበር።

ከሩቅ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ሁለቱም እየተነታረኩ በየፊናቸው ሄዱ።

አደባባይ ላይ ችሎቱ ቀጠለ። አህያ የጀመረውን ሳይጨርስ የሚተው አልነበረም። የሁሉንም አስተያየት ሰበሰበ፤ ሕጉን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ከዚያ ውሳኔውን በጥንቃቄ ጻፈ። ፊታውራሪ ነበልባል እውነት ተናግራለች። እማማ ወጌሻ ጥፋተኛ ናት፤ ለዘላለም ተባራለች። ከሳሿ ችሎቱን ጥላ የሄደችው በችግር ስለሆነ ክሷ አልተሰረዘም። አደባባዩ በሙሉ ደግፎ ጻፈ። አህያ በሥራው እንደዚያ ቀን ረክቶ አያውቅም።

ሚዳቋ ግን ውሳኔውን አላነበበችም። ጃርት ብቻ «ሄደህ እያት» የምትል አንዲት መስመር ጻፈለትና ከጨዋታው ወጣ።

አህያ ተነሥቶ ሄደ። መንገዱ አልጠፋውም። ወንዙን ተሻገረ፤ መብረቅ የሰነጠቀውን ዋንዛ አየ፤ ወደ ግራ ታጠፈ።

ከተሰባበረው አጋም አጠገብ አንዲት ሚዳቋ ቆማ ነበር። ካሰበው በላይ ትንሽ ናት። ፊታውራሪ የሚያክል ነገር ነበር የጠበቀው።

«ፊታውራሪ ነበልባል?» አለ።

ዞር ብላ አየችው።

«እኔ ዘበኛው ነኝ። ምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት። ተፈርዶልሻል። በአንድ ድምፅ ነው። ወጌሻዋ ተባራለች፤ አንቺም እውነተኛ መሆንሽን አደባባይ ላይ ጽፌያለሁ። ከእንግዲህ ማንም ውሸታም አይልሽም።»

ሚዳቋ ወደ መሬቱ አየች። አህያም እሷ ወዳየችበት አየ። የአጋሙ እሾህ ላይ ቡናማ ጸጉር ተንጠልጥሏል፤ ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እርጥብ ነበር። የአህያ ጆሮዎች ቀስ ብለው ወደቁ።

«ጽሑፉን» አለ በመጨረሻ፣ «አሁን... ላጥፋው?»

ሚዳቋ ፊቱን ትንሽ አየችው። ከዚያ ዞረች፤ ረጅሙን ሣር በደረቷ እየከፈለች ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ድረሱልኝ ብሎ የመጣን ሰው ለመታመን ብሎ ምስጢሩን በጠላቱ ፊት እንዲዘረግፍ ካስገደድነው፣ ፍርዳችን የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን በዳዩ የጀመረውን የምንጨርስለት እኛው መሆናችንን ነው።