አጭሯ ፒፓ

አንድ ነገረኛ ገበሬ ዶሮ ሸጦ ፒፓ ሊገዛ ገበያ ውስጥ ይዞራል። ብዙ ካገላበጠ በኋላ ከሁሉ የረከሰችውን፣ አውራ ጣት የምታህል የሸክላ ፒፓ አነሣ።

ይህን ጊዜ ፊታውራሪ ጓንጉል ደረሱ። የእርሳቸው ፒፓ በብር የተለበጠ ነው፤ ከርዝመቱ የተነሣ አሽከር ፊት ፊት እየሄደ ጫፉን ይሸከምላቸዋል። ሚስታቸው የትንባሆ ሽታ ስለሚጠሉ የሚያጨሱት ገበያ እየወጡ መሆኑን አገር ያውቃል።

ፊታውራሪው የገበሬውን ፒፓ አይተው ሳቁና፣ «የኔ ይሻላል ወይስ ያንተ?» አሉት። «ያንተን ብትመርጥ በድፍረትህ ትገረፋለህ፤ የኔን ብትመርጥ በሬህን ሸጠህ እንዲህ ያለውን ትገዛለህ።»

ገበሬው እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦

«የርስዎ ይሻላል ጌታዬ፤ በሬውንም እሸጣለሁ። ብቻ የኔም ሚስት ትንባሆ አትወድም። ይቺን፣ ስትመጣብኝ በመዳፌ እሸሽጋታለሁ። ያን የሚያህለውን ግን እሜቴ ሲመጡብዎ የት እንደሚሸሽጉት ይንገሩኝና አሁኑኑ ልግዛ።»

ፊታውራሪው ከመቆጣታቸው በፊት ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ።