ደብሪቱ የተባለው የሣር መስመር

በእንቆይ ሜዳ፣ በሁለት እርሻ መካከል ሳይታረስ የሚቀረው የሣር መስመር «ደብሪቱ» ይባላል። ከወንዙ ማዶ ቃሉን የሚያውቀው የለም። «በሬህ ደብሪቱን ረገጠ» ሲባል የሰማ አንድ እንግዳ፣ የተረገጠችውን ሴት ሊያነሣ ሮጠ እያሉ ወጣቶቹ ይሥቁበታል፤ የቃሉን ዘር የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን አይሥቁም።

እንደሚነገረው ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት፣ በታናሽ ወንድሟ በጓንጉል ቤት ተጠግታ የምትኖር ሴት ነበረች። ጓንጉል፣ ጎረቤቱ ሽታዬ ሰው የሌላት መሆኗን አይቶ፣ የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ አሥር እርምጃ ወደ መሬቷ ገፋው፤ እሷም ለዳኛ አቤት አለች። የዚያ አገር አባቶች ድንጋይ ይነቀላል፣ ከሰል ግን አይበሰብስም ብለው፣ ወሰን ሲተክሉ ከሥሩ ከሰል ይቀብሩ ነበር ይባላል። ቦታውን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው ቢኖር፣ በልጅነቷ ከሰሉን በቁና ተሸክማ አባቷን የተከተለችው ደብሪቱ ብቻ ነበረች።

«እታለም፣ አላውቅም በይ» አላት ጓንጉል፣ ሸንጎው በሚቀመጥበት ቀን ማለዳ። «የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ አትሁኚ።»

«ወጪቱስ የአባቴ ነው» አለችው። ግን ፈርታ ነበር፤ ከዚያ ቤት ከወጣች የምትገባበት አልነበራትም።

ዳኞቹ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብለው ሲጠይቋት፣ ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ አንዱን ቦታ በዘንጓ ወጋች። ቢቆፍሩት ከሰሉ ወጣ።

ሽታዬ መሬቷን አገኘች፣ ደብሪቱ ግን ቤት አጣች። ሽታዬ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላ ብትለምናት፣ «ለእንጀራ ብላ መሰከረች እንዳይሉኝ» ብላ እምቢ አለች። ሽማግሌዎቹም እዚያው ወሰኑ ላይ ጎጆ ቀለሱላት፤ ሰባት ክረምት ኖረችበት። ጓንጉል በሬዎቹን እየነዳ በደጇ ሲያልፍ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም ይባላል።

እሷ ሞታ ጎጆዋ በፈረሰ ዓመት ጓንጉል ሊያርስ ወጣ። ሰው ሁሉ አሁን የጎጆዋን ቦታ ይገለብጠዋል ብሎ ቆሞ ያየው ነበር። በሬዎቹ ከቦታው ሲደርሱ ግን ማረሻውን ከመሬት ነቀለና፣ ከገዛ መሬቱ አንድ እርምጃ ትቶ መለሳቸው።

«ምነው?» ቢሉት፣

«እታለም ተቀምጣለች» አለ።

ሽታዬም በእሷ በኩል አንድ እርምጃ ተወች። ዛሬም በእንቆይ ሜዳ አራሽ ከወሰን ሲደርስ እንዲሁ ያደርጋል፤ ያንን ሣር ማጨድ የሚፈቀደውም ቤት ለሌለው ሰው ብቻ ነው።