ታክሲ ውስጥ የተገኘ ትርፍ

አንድ ቀን፣ እሁድ ጠዋት ነው፣ ጋሽ ወንድይፍራው ሽማግሌ ሆኖ ተላከ። «ሰው ቢጠፋ ነው እንጂ» ይላል እሱ ራሱ ሲያወራው፤ «እኔ እኮ ፀጉሬ እንጂ ጭንቅላቴ አልሸበተም።»

ጋሽ ወንድይፍራውን መርካቶ ውስጥ የማያውቀው የለም። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ያህላል፤ ውፍረቱም እንደዚያው ነው። ስሙን የጠየቀው ሰው ሁሉ አንዴ ቀና ብሎ ያየዋል፤ እሱም ይገባዋል። «አባቴ ወንድ ይፍራው ብሎ ሰየመኝ። እስካሁን ግን ወንዱም ሴቱም አልፈራኝም። የጎረቤት ዶሮ እንኳ መንገድ አትለቅልኝም» ይላል። ሥራው ንግድ ነው። ክረምት መጣ ብሎ ጃንጥላ ሲያስገባ ዝናቡ ይቀራል። ጃንጥላውን በርካሽ ሸኝቶ የፀሐይ ባርኔጣ ሲያስገባ ሰማዩ ይቀደዳል። አንድ ዓመት ዝናብ ሲጠፋ የአቃቂ ገበሬዎች ሱቁ ድረስ መጥተው፣ «እባክህ ጋሼ፣ ትንሽ ባርኔጣ አስገባልን» ብለው ለምነውኛል እያለ ይምላል። እውነት ይሁን አይሁን እሱና ገበሬዎቹ ያውቃሉ።

የዚያን እለት የተላከው ለእህቱ ልጅ ለኤርምያስ ነው። ኤርምያስ እናቱ ከሞተች ወዲህ እሱ ቤት ነው ያደገው፤ ልጅ ላልወለዱት ለሱና ለሚስቱ ለወይዘሮ እልፍነሽ ዓይናቸው ነው። ኤርምያስ የወደዳት ልጅ አባት ሻምበል ገረሱ ይባላሉ። ሻምበል ጡረታ ወጥተዋል፤ የእጅ ሰዓታቸው ግን ገና ሥራ ላይ ናት። ባለፈው እሁድ የተላኩት ሽማግሌዎች አርፍደው ቢደርሱባቸው የግቢውን በር ሳይከፍቱ፣ ከአጥር ውስጥ ሆነው፣ «ሰዓት የማያከብር ቤተሰብ ልጄን እንዴት ያከብራል? በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚህ በር እንዳትመጡ» ብለው መልሰዋቸዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዚያው ብስጭት ደም ግፊቱ ተነስቶ ተኛ። በሱ ምትክ የተገኘው እንግዲህ ጋሽ ወንድይፍራው ነው።

ኤርምያስ እስከ በሩ ሸኘው። «አጎቴ፣ ዛሬ ካረፈድክ አለቀልኝ» አለው።

ወይዘሮ እልፍነሽም የምትናገረው አላጣችም። የኮቱን ኮሌታ እያቃናችለት፣ «አንተ ደግሞ እዚያ ሄደህ ስለ ንግድህ እንዳታወራ፤ ልጅቷን ይከለክሉናል» አለችው።

ጋሽ ወንድይፍራው በጊዜ ስለወጣ ሜክሲኮ ሲደርስ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ አገኘ፤ ያውም መስኮት ዳር። አጠገቡ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ታክሲው ሞላ፤ በሩ ተዘጋ፤ ጉዞ ተጀመረ። «ዛሬስ አምላኬ ትዝ ብዬዋለሁ» አለ በሆዱ።

ልደታ ላይ ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ። «አየር ጤና! አየር ጤና! አንድ ሰው! የሞላ!»

«የሞላ ከሆነ አንዱን ሰው የት ልታደርገው ነው?» አሉ እናትየዋ። «ጭናችን ላይ?»

«እናቴ ደግሞ! ታክሲ ሞላ ተብሎ ያውቃል? ጠጋ ጠጋ ነው እንጂ» አለና በሩን ከፈተው።

የገባው ሰው ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራባት አስሯል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። ረዳቱ ከወንበር ሥር አንዲት በርጩማ ስቦ መተላለፊያው ላይ አስቀመጠለት። ሰውየው በርጩማዋን አየ፤ ሱሪውን አየ፤ ከዚያ ረዳቱን አየ። «እዚህ ላይ? እኔን?» አለ።

ጋሽ ወንድይፍራው ሰው ሲቸገር ማየት አይችልም። ሰው ሲቆጣ ማየት ደግሞ ጭራሽ አይሆንለትም። «ና ልጄ፣ እኔ ቦታ ተቀመጥ። ያንተ ልብስ ያሳዝናል፤ የኔው ኮት መከራ የለመደ ነው» ብሎ ተነሳለት። ሰውየው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳይል ገብቶ ተደላደለ። ጋሽ ወንድይፍራው በርጩማዋ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከጆሮዎቹ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ።

«አሁን እርስዎን ማን ይነሱ አለዎት?» አሉ እናትየዋ ተናደው።

«ይተዉኝ እናቴ። እኔ ጥሩ ወንበር ላይ ስቀመጥ የሰረቅሁት ይመስላል።»

ባለ ክራባቱ ስልኩን አውጥቶ ማውራት ጀመረ። የሚያወራው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ የሚሰማው ግን ታክሲው ሙሉ ነው። መኪናው ጋራዥ ገብታ እንጂ ታክሲ ተሳፍሮ እንደማያውቅ፣ እሱ ኢንጂነር እንደሆነ፣ የአዲስ አበባ የትራንስፖርት ችግር መፍትሔው ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ እንዳጣ ተናገረ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «እኛም ችግሩ ውስጥ ተቀምጠን ጠያቂ አጣን» ብሎ አጉተመተመ።

ጦር ኃይሎችን አለፍ እንዳሉ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ።

«ትራፊክ!» አለ ረዳቱ። «ጋሼ፣ ጎንበስ ይበሉ! ጎንበስ!»

«ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከጎነበስኩ የምወጣው አስፋልቱ ላይ ነው» አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

ትራፊክ ፖሊሷ ወጣት ናት፤ ፊቷ ግን ገና በጠዋቱ ቀልድ ያለቀበት ነው። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ተቀበለች፤ በሩን አስከፈተች፤ ውስጡን ገረፍ አድርጋ አየችው።

«ትርፍ ጭነሃል» አለችው ሹፌሩን። «ስለ ቅጣትህ ስትወርድ እንነጋገራለን። አሁን ትርፉ ይውረድ። ትርፉ ማነው?»

ሁሉም በየመስኮቱ አሻግሮ የማያየውን ነገር ማየት ጀመረ። ረዳቱ ጫማውን ሊያስር ጎነበሰ፤ ያደረገው ግን ነጠላ ጫማ ነው።

ኢንጂነሩ ጣቱን ቀሰረ። «ይሄ ምን ይጠየቃል? በርጩማ ላይ ያለው ነዋ! ወንበር የያዘ ሕጋዊ ነው፤ ወንበር የሌለው ትርፍ ነው። ሕግ ሕግ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እኮ ነው ይህች ከተማ የማትሻሻለው!»

«አንተ!» አሉ እናትየዋ። «የተቀመጥክበትን የሰጠህ ማን ሆነና ነው?»

«እኔ ስጡኝ አላልኩም። በፈቃዳቸው ነው የለቀቁት።»

«በቃ፣ በቃ» አለች ትራፊኳ። «ማን ለማን እንደሰጠ አላየሁም። እኔ ያየሁት በርጩማ ነው። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይውረዱ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ውጭ አየ። ካፊያ ጀምሯል። ከሜክሲኮ የሚመጣው ታክሲ ሁሉ እዚያ ቦታ የሚደርሰው ሞልቶ ነው፤ በእግር ይሄዳል እንዳይባል አየር ጤና ገና ሩቅ ነው። ሻምበል ገረሱ ግቢያቸው ውስጥ ሰዓታቸውን እያዩ ሲንጎራደዱ ታዩት። ኤርምያስም ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያገላብጥ ታየው። ልከራከር ቢል አይችልበትም። ልቆጣ ቢል ማን ይፈራዋል? በእጁ ያለው ነገር ቢኖር አፉ ብቻ ነው።

«እወርዳለሁ ልጄ» አለ። «ግን ከመውረዴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅድም ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«ምን አልኩ?»

«ትርፍ አልሽኝ።»

«አዎ፣ ትርፍ ነዎት። ይሄ ምን ያስደግማል?»

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስነግድ ኖሬ ትርፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ራሴው ትርፍ ሆኜ ተገኘሁ! ባለቤቴ እኮ ካገባችኝ ጀምሮ የምትጠራኝ ‹ኪሳራዬ› እያለች ነው። እባክሽ፣ ስልክ ልምታላትና አንቺው ንገሪያት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ መንግሥት በደንብ ልብሱ ሆኖ ሲመሰክርልኝ ግን የት ትደርሳለች?»

ከኋላ ወንበር ጀምሮ ሳቁ ፈነዳ። ትራፊኳ ከንፈሯን ነክሳ ያዘች።

«አባባ፣ ቀልድ ይዘዋል?»

«ቀልድ አይደለም ልጄ፤ ትዳር ነው።»

ይህን እያለ ቁጥሩን መትቶ፣ የስልኩን ድምፅ ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጎ ዘረጋላት። ልትመልሰው እጇን ስታነሳ ወይዘሮ እልፍነሽ አነሳችው።

«አቤት! ደረስክ?»

ትራፊኳ ምን ታድርግ? «ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለች።

«ማን ልበል?» የወይዘሮ እልፍነሽ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። «የባሌን ስልክ ምን ልታደርጊ ያዝሽው?»

«ትራፊክ ፖሊስ ነኝ።»

«ውይ በስመአብ! ተገጨብኝ?»

«አይ፣ አልተገጩም። ደህና ናቸው። ታክሲ ውስጥ ትርፍ ሆነው ተገኝተው ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ትርፍ።»

ታክሲው በሙሉ አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጓል።

«ወንድይፍራው? ትርፍ?» አለች ወይዘሮ እልፍነሽ። «ተሳስተሻል የኔ ልጅ። ትርፍ ከሆነ ሌላ ሰው ነው የያዝሽው። የኔው ባል ኪሳራ ነው።»

ሹፌሩ ቅጣቱን ረስቶ መሪው ላይ ተደፋ። እናትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ትራፊኳ ስልኩን መልሳ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ስትመለስ ግን የሥራ ፊቷን ይዛ ነው።

«እንግዲህ ምስክር ተሰማ» አለች። «በባለቤትዎ ቃል መሠረት እርስዎ ትርፍ አይደሉም።» ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞር አለች። «ትርፍ ግን አለ። ወንድሜ፣ እስቲ እርስዎን ልጠይቅ። ከዚህ ሁሉ ተሳፋሪ መጨረሻ ላይ የገባው ማነው?»

ኢንጂነሩ መልስ ከመፈለጉ በፊት ታክሲው በአንድ አፍ፣ «እሱ ነው!» አለላት።

«እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ!»

«ኢንጂነር ትርፍ አይሆንም የሚል ሕግ የለም። ሕግ ሕግ ነው ብለውም ነበር። ይውረዱ።»

ሰውየው ተነሳ። አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ፣ አንዱን ታክሲው ውስጥ አድርጎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «እኔ ትርፍ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ወንድይፍራው ከልቡ አዘነለት። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ «አይዞህ ልጄ» አለው። «እኔ ዕድሜ ልኬን ስመኘው የቀረብኝን ነው በአንድ ጠዋት ያገኘኸው።»

ሹፌሩ ቅጣቱን ተቀብሎ ታክሲው ተንቀሳቀሰ። አየር ጤና ላይ ሲጠብቁት የነበሩት ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋሽ ወንድይፍራውን ሁለት እጁን ይዘው እየጎተቱ አስሮጡት፤ ሻምበል ገረሱ የግቢውን በር ሊዘጉ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ እንዳሳረፉ ደረሱ። ልጅቷም ተፈቀደች። ሻምበል ሽማግሌዎቹን ሲሸኙ ጋሽ ወንድይፍራውን ለብቻው ገለል አድርገው፣ «ይቅርታ፣ ከገቡ ጀምሮ ለብቻዎ ፈገግ ሲሉ አያለሁ። ምን ያስቅዎታል?» አሉት።

«ምንም አይደል ሻምበል» አላቸው። «በሕይወቴ መሃል መንገድ ላይ ሳልወርድ የደረስኩበት የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ስለሆነ ነው።»