ለሞክሼዋ የለመነችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። አርባን የተሻገረች፣ ሦስት ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ ሰርግም ሆነ ሐዘን ሲመጣ ሰፈሩ ትልቁን ድስት አደራ የሚላት ዓይነት ሴት። ይቺን ባታውቋት እንኳ እንደ እርሷ ያለች በየመንደራችሁ አለች።

ይቺ ሴት አንድ ቀን ደብተር ገዛች።

ለልጇ ነው? አይደለም። ለጎረቤት ልጅ ነው? አይደለም። ለራሷ ነው የገዛችው።

በከተማው ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ዩኒፎርም የለም። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። የተከፈተው ትልቁ ትምህርት ቤት ላልያዛቸው ሰዎች ነው፤ ለተዳሩት፣ ለወለዱት፣ ሥራ ለጠራቸው፣ ተጣልተው ለወጡት። ባለ ባጃጁ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ይማራል። ወጣቷ እናት ልጇን አዝላ ትማራለች። የጠዋት ፈረቃው ሥራ ሲገጥመው ከሰዓት ይመጣል፤ የከሰዓቱም ጠዋት ይመጣል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ አንድ ፊት ቢበዛ «አንተ ማነህ?» የሚል የለም።

ሰፈሩ ታዲያ ዝም ይላል? ትምህርት ያቋረጡ ሰዎች የሚገቡበት ስለሆነ ስሙን «አቋራጭ» አሉት። ሴትዮዋ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ አንዷ ከደጇ ላይ ሆና፣ «እትዬ ብርቄ፣ አቋራጭ ገባሽ አሉ! ወዴት ለመድረስ ነው የቸኮልሽው?» አለቻት። የሰማ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ዛሬ እዚህ ጉባኤ ላይ የተቀመጡ አሉ። ስም አልጠራም።

አሁን ስለ ስም ካነሳን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የዚህች ሴት ስም ብርቄ አልነበረም። እናቷ ያወጣችላት ስም አትጠገብ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ስድስት ሳምንት እንደ ተማረች ዳሯት። የባዮሎጂው መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ስለ ምን እንደሚያወራ ሳታውቅ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። በሰርጉ ማግስት አማቷ እንደ ወጉ አዲስ ስም አወጣችላት። «ከእንግዲህ ብርቄ ናት፤ ለቤቴ ብርቅ ናት» አለች፤ እልል ተባለ። አማቲቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ስሙን የሰጠቻት ወዳት ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ባሏ ብርቄ አላት፣ ጎረቤቱ እትዬ ብርቄ አላት፣ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ሳይቀር ብርቄ ተባለች። አትጠገብ የምትላት እናቷ ብቻ ነበረች። እናቷ ስታርፍ ስሙም አብሮ የተቀበረ መሰለ።

ለምዝገባ ራሷ መሄድ አፈረች። ባሏ አቶ ጌጡ ሄደ። ደግ ሰው ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ከሰርጉ በፊት ጀምሮ የተቀመጠበትን ፖስታ ሳይከፍት እንዳለ ለጸሐፊዋ አስረክቦ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

«በማን ስም አስመዘገብከኝ?» አለችው።

«በማን ስም ላስመዘግብሽ ኖሯል? በስምሽ ነዋ!»

ጨዋታው በዚያው አለቀ።

የመጀመሪያው ቀን መምህር ይርጋ ደብተሩን ገልጦ ስም መጥራት ጀመረ። ልጅ እግር መምህር ነው፤ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ የአባት ስም አይጨምርም። «አስካለ!» «አቤት!» «ፍቅረአብ!» «አቤት!» ሴትዮዋ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀምጣ «ብርቄ» እስኪላት ትጠብቃለች።

«አትጠገብ!»

ዝም።

«አትጠገብ! የለችም?»

ዝም።

ሴትዮዋ ደንገጥ አለች። «ጉድ! እዚህ ሞክሼ አለችኝ» አለች በልቧ። «የዛሬ ልጅ ደግሞ በዚህ ስም ይጠራል እንዴ!» መምህሩ ከአትጠገብ አጠገብ «ቀሪ» ብሎ ጻፈና ቀጠለ። ዝርዝሩ አለቀ። ብርቄ የሚባል ስም አልተጠራም።

ገባችሁ አይደል? እናንተማ ገብቷችኋል፤ እየሳቃችሁ ነው። ለእርሷ ግን አልገባትም።

እርሷ የገባት ሌላ ነው። «አልመዘገቡኝም» አለች። «ወይ በዕድሜዬ አልቀበልም ብለው ይሆናል፤ ጌጡ ደግሞ እንዳልከፋ ብሎ ደበቀኝ።» ለምን አልጠየቀችም? ብትጠይቅ «ስምዎ የለም፣ ይውጡ» ቢሏትስ? ስለዚህ ዝም ብላ መምጣቷን ቀጠለች። ከሁሉ ኋላ ትገባለች፣ ከሁሉ ቀድማ ትወጣለች። ለመምህሩ የከሰዓት ተማሪ መስላዋለች። የቤት ሥራውን አንድም ሳታጓድል ትሠራለች፤ ደብተር ሲሰበሰብ ግን የእርሷን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ ትመልሰዋለች። ስሟ ያልተጻፈበት ሰው ምን ብሎ ይሰጣል? ባሏ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ሲላት «ደህና ነው» ትለዋለች።

አስቡት። የገዛ ወንበሯ ላይ እንደ ሌባ ተቀምጣለች።

በየቀኑ ደግሞ ያቺ ልጅ ትጠራለች። «አትጠገብ!» ዝም። «አትጠገብ!» ዝም። በአራተኛው ቀን አላስችል አላትና አጠገቧ የምትቀመጠውን ወጣቷን እናት፣ ሕሊናን፣ ጠየቀቻት።

«አንቺ፣ ይቺ አትጠገብ የሚሏት ልጅ ማናት?»

«እኔ እንጃ እትዬ፤ ዓይቻት አላውቅም። ብትመጣ ይሻላታል፤ እኔ ደግሞ ባትመጣ ይሻለኛል፤ ወንበሯ ላይ ልጄን አስተኛለሁ።»

«አፍሽን ያዢ! ምን አግኝቷት እንደ ሆነ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያች ልጅ እንቅልፍ አጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ስሟ አትጠገብ ነው፣ መማር ሲገባት ቀርታለች። «እርሷንም ድረዋት ይሆን?» አለች። በጸሎቷ መካከል ስሟን ማንሳት ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ ሞክሼዬን አስባት። የት እንዳለች አንተ ታውቃለህ። መልሳት» እያለች። አንድ ጠዋት፣ ጎመን እየከተፈች ሳለ፣ ለዚያች ለማታውቃት ልጅ አለቀሰች።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። አሥር ቀን ያለ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል። ጭካኔ አይደለም፤ ውጭ ወንበር የሚጠብቁ አሥራ ሰባት ሰዎች ነበሩ።

አሥረኛው ቀን ደረሰ። መምህሩ ጠራ። ዝም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አትጠገብን የሚያውቅ አለ? ዛሬ ካልተገኘች መሰረዜ ነው» አለ። ብዕሩን አነሳ።

አሥር ቀን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ሴት፣ ስለ ራሷ አንዲት ቃል ለመተንፈስ የፈራች ሴት፣ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይሰርዟት።»

«ያውቋታል እንዴ እትዬ?»

«አላውቃትም።»

«ታዲያ?»

«ምን ደርሶባት እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ያለ ዕድሜዋ ድረዋት ቢሆንስ? አልጋ ይዛ ቢሆንስ? አንድ ቀን ብቻ ይታገሷት። እኔ ቤቷን አፈላልጌ በእግሬ ሄጄ አመጣታለሁ።»

«እትዬ፣ ቤቷን ይወቁ እንጂ እኔ በነጻ አደርስዎታለሁ!» አለ ባለ ባጃጁ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ አልሳቀም። «ዘመድዎ ናት?»

«ሞክሼዬ ናት።»

ብዕሩ አየር ላይ ቆመ። «እርስዎ ብርቄ አይደሉም እንዴ? ልጆቹ እንደዚያ ሲሉዎት እሰማለሁ።»

«ብርቄ አማቴ ያወጣችልኝ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ አትጠገብ ነው።»

«የአባትዎ ስም?»

«ወንድምነህ።»

«የአያትዎስ?»

«ጎሹ።»

መምህር ይርጋ ደብተሩን ይዞ በወንበሮቹ መካከል እስከ ኋላው ጥግ ሄደ። ፊቷ ላይ ዘርግቶ በጣቱ አሳያት። አትጠገብ ወንድምነህ ጎሹ። ከጎኑ ዘጠኝ ጊዜ «ቀሪ»፣ «ቀሪ»፣ «ቀሪ»።

አነበበች። ደግማ አነበበች። የሚስቅ አልነበረም አሁን።

«ባሌ... በስምሽ አስመዘገብኩሽ ብሎኝ ነበር» አለች።

«እውነቱን ነው» አለ መምህሩ።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰና እንደ አዲስ ጠራ። «አትጠገብ ወንድምነህ!»

ሕሊና በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «ይበሉ እንጂ እትዬ፣ እየጠበቁዎት ነው» አለቻት።

«አቤት» አለች።

ስትወጣ ለሕሊና ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ? «ለራሴ ቢሆን ኖሮ እኮ አፌ አይከፈትም ነበር። ለእርሷ ብዬ ነው።»

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ይቺ ሴት ምሕረት መለመን አታውቅም ነበር? ታውቃለች። ደግሞ እንዴት አድርጋ! አይታት ለማታውቃት ልጅ ምክንያት ፈለገችላት፣ አለቀሰችላት፣ በእግሬ ልሂድላት አለች። «አንድ ቀን ታገሷት» ብላ መምህር ፊት ቆመች። ለራሷ ግን? ለራሷ አንድ ጥያቄ እንኳ አልደፈረችም። «አልተጻፍኩም» ብላ ፈረደችና ጥጓን ያዘች።

እናንተስ?

ጎረቤታችሁ ሲወድቅ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» ትላላችሁ። እናንተ ስትወድቁስ ምን ትላላችሁ? የሌላው ልጅ ከቤት ሲጠፋ «እግዚአብሔር ይመልሰዋል» ብላችሁ እናቱን ታጽናናላችሁ። ራሳችሁ ከእርሱ ስትርቁስ የሚመልሳችሁ ያለ ይመስላችኋል? እዚህ ጉባኤ ላይ ስንት ዓመት ተመላለሳችሁ? ከሁሉ ኋላ ገብታችሁ ከሁሉ ቀድማችሁ የምትወጡ አላችሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ዞር ዞር አትበሉ፤ ከፊት ያሉትም ያው ናቸው። በልባችሁ ስንት መልካም ሥራ ሠርታችሁ፣ «ከእኔ ማን ይቀበላል?» ብላችሁ ወደ ቦርሳችሁ መለሳችሁ?

ሰዎች ስም አውጥተውልናል። አንዳንዱን በፍቅር፣ አንዳንዱን በንቀት። «ያለፈባት።» «የማይረባ።» «የእገሌ ሚስት።» «ያ ሰካራም የነበረው።» ለምደነው በእርሱ እንዞራለን። እግዚአብሔር ሲጠራን ታዲያ ያንን ስም እንጠብቃለን፤ እርሱ ደግሞ በዚያ ስም አይጠራም። በየቀኑ የሚጠራውን እየሰማን «ይሄ ለሌላ ሰው ነው፤ ለአንድ የተሻለ ሰው ነው» እንላለን። ስብከቱን እንሰማና «ይሄን እገሌ ቢሰማው ኖሮ» እንላለን። አሁንም እያላችሁ ነው፤ አውቃችኋለሁ።

እርሷን ያዳናት ምን እንደ ሆነ ልብ በሉ። ስለ ራሷ ድፍረት አላገኘችም። ለሌላ ሰው ስታዝን ነው የገዛ ስሟ ላይ የደረሰችው። ስለዚህ ለሌላው መለመናችሁን ተዉ አልላችሁም፤ እንዲያውም ጨምሩበት። ግን አንድ ነገር አደራ።

ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ ስትጸልዩ፣ የታመመውንም፣ የታሰረውንም፣ መንገድ የሄደውንም፣ ሁሉንም በየስሙ ከጠራችሁ በኋላ ፈጥናችሁ አትነሡ። አንድ ሰው ይቀራል። ለእርሱ ከልባችሁ ለምናችሁለት አታውቁም፤ ጥፋቱን ሁሉ ስለምታውቁ ትቀየሙታላችሁ። ለእርሱም ዓይታችሁት እንደማታውቁት የሰው ልጅ እዘኑለት። ምን ደርሶበት እንደ ሆነ ምክንያት ፈልጉለት። እናቱ ባወጣችለት ስም ጥሩትና «ጌታ ሆይ፣ እባክህ አንድ ቀን ታገሠው» በሉለት።