ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ

ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ይባላል፤ የዛሬው ግን የአህያ በረት ነው።

እሜቴ አህያ ጅብን ስለምትፈራ ውሻን በሯ ላይ ዘበኛ አድርጋ ቀጠረችው። ስጋቷ ግን አልለቅ አላትና በዚያው በር ላይ አውራ በግንም ጨመረች። ሁለቱንም ለየብቻ ጠርታ «የበሩን መወርወሪያ ካንተ በቀር ማንም እንዳይነካ» ብላ አዘዘች።

አመሻሽ ላይ ከግጦሽ ተመልሳ «ቤቶች» አለች።

«ደጆች» አለ ውሻ። መወርወሪያውን ሊስብ ሲል በግ በቀንዱ ወጋው፤ በግ ሊስብ ሲል ደግሞ ውሻ ላቱን ነከሰው።

«ኧረ እኔ ነኝ፣ ባለቤቷ» አለች አህያ፣ ጅብ ከኋላዋ ሲመጣ እያየች።

«እናውቃለን እሜቴ» አሉ ሁለቱም እየተናነቁ፣ «ትእዛዙ እኮ የእርስዎ ነው።»

ጅብ ወረፋ እንደሚጠብቅ እንግዳ ከጎኗ በትሕትና ቆመ። ጥቂት ታዝቦም «ምን ያንገላታዎታል፣ እሜቴ? የእኔ በር ዘበኛ የለውም፤ ይግቡ» አላትና አፉን ከፈተ።

ደጁ ጭር አለ።

«ይኸው፣ ማንም አልገባም» አለ ውሻ።

«በማን ጥበቃ ሆነና» አለ በግ፤ እንደገና ተያያዙ።

ተረቴን መልሱ፤ መወርወሪያውን ግን እንዳትነኩ።