አህያ የረገጠችው ግድብ

አንድ ጊዜ፣ ውሸት ከሆነ ዕድሜዬን ይቁረጠው፣ የእንስሳት ከተማ ዳርቻ ላይ ወንዝ በአፈር ተገድቦ ሐይቅ ተሠራ። ስፋቱ አይነገርም፤ ሊሻገር የሚነሳ ዳክዬ ስንቅ ይቋጥር ነበር። አህያም ከነውርንጭላዋ ጠዋት ማታ በግድቡ አናት እየተመላለሰች ከዚያው ትጠጣ ነበር። ሌላው ውሃ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ታዲያ አንበሳ ሐይቁ መዝናኛ ይሁን ብሎ አዘዘ፤ ጅብንም ኃላፊ አደረገው። ጅብ የሰቡ ፍየሎች መጥተው ሲዋኙ እየታየው ምራቁ ጉልበቱን አራሰው። የሐይቁን ዳር ጥላ ለብቻው የፈለገው ቀበሮ ደግሞ ጠጋ አለና፣ «አያ ጅቦ፣ የአህያ ፋንድያ ባለበት ማን ይዝናናል?» አለው።

ጅብ አላመነታም። የግድቡን አናት አስቆፍሮ አበባ ተከለበት፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠረ።

በማግስቱ አህያ መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች። ከጅብ ጋር መነጋገር ልማዷ አልነበረም፤ ጥም ግን ያደፋፍራል።

«አያ ጅቦ፣ አበባው ያምራል። ግን ይህን አፈር ያጠበቀው የኛ ኮቴ ነው፤ ከተቆፈረ ውሃ ያሳልፋል። ልጄስ ምን ትጠጣ?»

«ከመቼ ወዲህ መሐንዲስ ሆንሽ? ልጅሽ ጤዛ ትላስ።»

አህያም ውርንጭላዋን ይዛ የግማሽ ቀኑን መንገድ ጀመረች። በየቀኑም ሄደች፤ ውርንጭላዋ ከሳች።

ክረምቱ ገባ። ውሃው በላላው አፈር ሰርጎ መጀመሪያ አበባውን፣ ከዚያ አፈሩን፣ በመጨረሻም ግድቡን ይዞት ሄደ። በምረቃው ዕለት እንግዶቹ ሲመጡ የመዝናኛው ታንኳዎች ጭቃ ላይ ተጋድመው ነበር፤ የቀረው ውሃ የእንቁራሪት እግር አያረጥብም። አንበሳ ቀበሮን ቢጠይቀው፣ እኔ ያማከርኩት ስለ ሽታው ብቻ ነው አለ።

አህያ ተጠራች። አንበሳ ግድቡ እንደገና ሲከመር እንድትረግጥለት ለመናት።

«እረግጣለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «አጥሩ ግን ይነሳ። ልጄ የማትጠጣውን ውሃ ኮቴዬ አይጠብቅም።»

አጥሩ ተነሳ። አህዮች በጋውን ሙሉ ረገጡ፤ በቀጣዩ ክረምት ሐይቁ ሞላ። እንግዶች በአንድ ወገን ተዝናኑ፤ ውርንጭላዋ በሌላው ወገን አፏን ነክራ ጠጣች። ጅብም አንገቱን ደፍቶ አህያን ይቅርታ ጠየቃት።

ከዚህ የምንማረው፣ ቦታ ላሳምር ብሎ የሚነሳ ሁሉ ቦታውን እስከዛሬ ማን አቁሞት እንደኖረ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ነው።

ከነገርኳችሁ ሁሉ የፈጠርኳት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፦ ጅቡ ይቅርታ አልጠየቀም።